በሕማማት ሳምንት የተጠጣው ወተት

ዓመቱ 1976 ዓ.ም. ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ በቅሎ መጫን ነው፤ ከአገሬ ከጊች ገብስ ወደ ደባርቅ አወርዳለሁ፣ ከደባርቅ ጨውና ላምባ ጭኜ እወጣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ግማሹን ቀርቼበታለሁ። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንገዳገድ ታገሡኝ። ነገሩ ግን አይንገዳገድም፤ እንደሆነው ነው የምነግራችሁ። ሰው ግትር ይለኛል። ያኔም ይለኝ ነበር፤ አልከራከርም።

በጥር ወር የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ሰው ሰብስቦ ለብሔራዊ ውትድርና የተመረጡትን ሲጠራ የኔም ስም ወጣ። ታላቅ ወንድሜ ቀደም ብሎ ዘምቶ ነበር። ኤርትራ ገባ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ አለም፣ ሞተም ያለን ሰው የለም። እናቴ ለቅሶ እንዳትቀመጥ መርዶ አልመጣ፣ ተስፋ እንዳታደርግ ወሬ አልመጣ። እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ፣

"ከአንድ ቤት አንድ ይበቃል፤ እኔ አልሄድም" አልኩ።

"ትሄዳታለህ!" አለ ሊቀመንበሩ።

"እናያታለና!"

ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። እኔም ያን ፊቱን ካየሁ በኋላ ቤቴ አላደርኩም። በቅሎዎቼን ለአጎቴ ልጅ ሰጥቼ በገደሉ መንገድ ወደ ደባርቅ ወረድኩ።

ደባርቅ የአባቴ እህት ነበሩ። እማሆይ ወለተ ሐና ይባላሉ። ባላቸው ከሞተ በኋላ ቆብ ጭነው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ፈትል ይፈትላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ሌላ ሥራ የላቸውም። በሩን ሲከፍቱልኝ ምን ሆንክም አላሉኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ቁመትህ ረዘመ እንጂ ጎታው ይበቃህ ነበር" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም።

ጎታው በጓዳቸው የቆመ፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ትልቅ የእህል ማስቀመጫ ነው። ያ ዓመት ዝናቡ የከዳን ዓመት ስለነበር ባዶውን ቆሟል። በአፉ ገብቼ ጉልበቴን አጥፌ ስቀመጥ ክዳኑ ራሴን ነክቶ ይገጥማል። ከሥሩ እህል የሚዘረገፍበት ቀዳዳ አለ፤ ውታፉን ሳወጣው አየርም ይገባልኛል፣ የጓዳውን በርና የሚያልፈውንም እግር ያሳየኛል። ቀን ቀን በጓዳው እንቀሳቀሳለሁ፤ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ወይም የአጥሩ በር ሲንኳኳ ዘልዬ እገባለሁ። እንዲህ እያልኩ ጥርን ጨረስኩ፤ ሁዳዴም ገባ።

ሁዳዴው ሲገፋ ከኔ ሌላ ተከራይ መጣ። አመድማ ድመት ነበረቻቸው፤ እሷ ሄዳ ጎታው ውስጥ በተነጠፈልኝ ጆንያ ላይ ወለደች። አራት ናቸው፤ ድንች ድንች ያክላሉ። መጀመሪያ ስገባባት ተነፋችብኝ፤ ኋላ ግን እንዳልነካባት ስታውቅ ተወችኝ። እሷ በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን ሆነን ኖርን።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት ድመቷ ወጥታ ቀረች። እማሆይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዋናው መንገድ ላይ አገኟት። የወታደር መኪና ሄዶባት ኖሯል፤ ያኔ በዚያ መንገድ ቀን ከሌት የሚያልፈው እሱ ነው። ገብተው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

"ልጆቿስ?" አሉ።

ልጆቿማ ይጮኻሉ። ዓይናቸው አልተገለጠም፣ እግራቸው አልጠና፤ ድምፃቸው ግን እንደ መርፌ ነው፤ ከግድግዳ ያልፋል። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ድመት የሚጮኽበት ጎታ ውስጥ ሰው ሊደበቅ አይችልም። ፈታሽ ቢመጣ ድምፁን ተከትሎ ክዳኑን ያነሳል።

እማሆይ ምንም ሳይሉ አራቱንም በነጠላቸው ጠቅልለው ከአጥሩ ኋላ ሊጥሉ ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ ከነነጠላቸው ተመለሱ።

"ምነው?" አልኩ።

"ውሻው ያየኛል።"

"ታዲያ ቢያይዎትስ?"

"ዓይኑን አልወደድኩትም!" ብለው እዚያው ጆንያው ላይ መለሷቸው።

እንግዲህ ይመገቡ። ምን ይብሉ? እኔ ወተት ነው አልኩ። እማሆይ እንደተሰደቡ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ።

"በሁዳዴ ቤቴ ወተት አይገባም።"

"ለድመት እኮ ነው!"

"ለድመትም ቢሆን።"

"ድመት ክርስትና ተነስታለች እንዴ?"

"እኔ ተነስቻለሁ። ቤቱም የኔ ነው።"

ተልባ ቆልተው ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ አጥልለው ሰጡኝ። እኔም ጥጥ እየነከርኩ አበላሁ። ሰው በሁዳዴ በተልባ ይጠግባል፤ ድመት ግን አይጠግብም። ሲውጡ ያደሩት ልጆች በማግስቱ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ። ትንሿ ከሁሉ በፊት ጩኸቷ ከሳ፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ በእጄ ላይ በረደች። እማሆይ ተቀብለው ጨርቅ ውስጥ አስገቧት። ጨርቁን ቋጥረው፣

"የተልባው ነገር የኔ ነው" አሉና ወጡ።

የሄዱት ወደ እትዬ ዘሃራ ነው። እትዬ ዘሃራ አጥር የምትዋሰነን የእስላም ሴት ናት፤ ባሏ ጨርቅ ይነግዳል፣ እሷ ፍየል ታልባለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ በጣሳ ለብ ያለ የፍየል ወተት በሻሿ ሸፍና ታመጣ ጀመር። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። በዚያ ዘመን አለመጠየቅ ትልቅ ደግነት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ብቻ እንዲህ ስትል ሰማኋት፤

"እማሆይ፣ በሁዳዴ ወተት ጠየቁኝ ብዬ ባወራ ማን ያምነኛል?"

"አታውሪያ!"

"አላወራም። ያምነኛል ወይ ነው ያልኩት።"

ሁለቱም ሳቁ። እማሆይ ድመቷ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው።

ልጆቹን ማብላት ሥራዬ ሆነ። ቀላል አይምሰላችሁ። መጀመሪያ እንደ ሰው ልጅ በጀርባው አስተኝቼ ሳጠባው አንዱ ወተቱ በአፍንጫው ወጣና ሊታነቅብኝ ነበር። እናቱን ሲጠባ በሆዱ ተኝቶ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ እንዲያ አደረግኩ። እማሆይ ከፈትል ቅርጫታቸው ጥጥ እያወጡ እንደ ጡት ጫፍ ያጠነጥኑልኛል፤ እኔ በወተቱ ነክሬ አፋቸው ላይ አደርገዋለሁ። ከበሉ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ከጅራታቸው ሥር ካልታሹ አይሸኑም፤ ይህን ልጅ ሆኜ እናታቸው ከሞተችባቸው ጠቦቶች ነው የተማርኩት። ሲጠግቡ ሸሚዜ ሥር ሆዴ ላይ አስተኛቸዋለሁ። የደባርቅ ብርድ ብርድ ነው። ምድጃ አጠገብ በቅርጫት ብናኖራቸው ይጮኻሉ፤ ሆዴ ላይ ግን ዝም ይላሉ። ከነዚህ ሦስት ነፍሶች ጋር ባዶ ጎታ ውስጥ ተቀምጬ ወንድሜን አስብ ነበር። እሱን ማን ያጎርሰው ይሆን እያልኩ።

ሆሣዕና አለፈ፤ ሰሙነ ሕማማት ገባ። ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ዘሃራ ጣሳዋን ይዛ ገባች። ልጆቹ ርቧቸው ሸሚዜ ሥር ይርመሰመሳሉ። እማሆይ ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ ውሻው ጮኸ፤ የአጥሩ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ከነድመቶቹ ወደ ጎታው ገባሁ፤ ክዳኑን በእጄ ሳብኩት።

በሥሩ ቀዳዳ የማየው እግር ብቻ ነው። የእማሆይ ባዶ እግር አለ። የእትዬ ዘሃራ ኮንጎ ጫማ አለ። የሁለት ሌላ ሰው እግር ገባ፤ አንዱ ጥቁር ቆዳ ጫማ፣ አንዱ በረባሶ። ቆዳ ጫማው የቀበሌው ካድሬ ጓድ አየነው መሆኑን በድምፁ አወቅኩት። ያደገው እዚያው ሰፈር ነው፤ በስብሰባ ላይ ግን ታቦትና ጾም የኋላ ቀር ነገር ነው እያለ የሚናገር እሱ ነበር። በረባሶው ጠመንጃ የያዘ ታጣቂ ነው።

"እንደምን አደሩ፣ እማሆይ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በጠዋቱ?"

"ለደህና ነው። አንቺ ዘሃራ፣ የያዝሽው ምንድን ነው?"

"ወተት ነው።"

"የማን?"

"የኔ ነዋ! ልጠጣው ነው።"

"ከቤትሽ ወተት ተሸክመሽ ሰው ቤት ልትጠጪ መጣሽ?"

"ምነው፣ አዋጅ ወጥቷል እንዴ?"

ታጣቂው ሊስቅ ሲል ሰማሁት፤ ዋጠው።

"አትቀልጂ" አለ ጓድ አየነው። "ይህ ጣሳ ሳምንት ሙሉ በዚህ በር ሲገባ ታይቷል። ዛሬ ምን ቀን ነው? ሕማማት ነው። ቤቱ የማን ነው? የመነኩሲት ነው። ሕፃን የለ፣ አራስ የለች። ክርስቲያን ሆኖ በዚህ ሳምንት ወተት የሚጠጣ ማነው? ደም የፈሰሰው ሰው ነው። ጫካ ካሉት ወንበዴዎች አንዱ ቆስሎ እዚህ ተኝቷል።"

አያችሁ? እኔ የሸሸሁት ውትድርናን ነው። አሁን ግን ከጎታው ብወጣ ወንበዴ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ወንበዴ ያስጠጉ ናቸው። በዚያ ጊዜ ለዚህ የሚሰጠውን ፍርድ የማያውቅ አልነበረም።

"ለድመት ነው" ብለው እውነቱን ቢናገሩ፣ አሳዩን ይባላሉ። ድመቶቹ እኔ ሆድ ላይ ናቸው።

በረባሶው ቤቱን መዞር ጀመረ። አልጋውን አነሳ። የፈትሉን ቅርጫት በእግሩ ገፋው። ወደ ጓዳው መጣ፤ ከቀዳዳው ፊት ቆመ። የጣቶቹን ጥፍር አየው ነበር። ልክ ያኔ አንዱ ልጅ አፉን ከፈተ።

ሲጮኽ ሆዱ መጀመሪያ ይነፋል፤ ያን በመዳፌ አወቅኩት። ያዝኩት። አንገቱ ከአውራ ጣቴ አይወፍርም። ጭምቅ ማድረግ ብቻ ነበር። እዚያ ላይ እጄ ምን ሊያደርግ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ብቻ ወደ አፌ አመጣሁትና ምላሴን ሰጠሁት። ያዘው። ጠባ። ጥፍሩን ከንፈሬ ላይ ተከለና ከደረቀ ምላስ ወተት ሊያወጣ ታገለ። ሁለቱን በግራ እጄ ሸሚዜ ሥር አፍኜያቸዋለሁ። ላቤ በዓይኔ ይወርዳል፤ አልጠረግኩትም።

"ይህስ?" አለ ታጣቂው። ጎታውን በሰደፉ ነካ አደረገው። ጭቃው ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ።

"ባዶ ነው" አሉ እማሆይ። "ዘንድሮ ማን ቤት እህል አለ? ያንተ ቤት አለ?"

ታጣቂው ሰደፉን አወረደ። እሱም ገበሬ ነው።

"ክፈተው" አለ ጓድ አየነው ከወዲያኛው ክፍል። "ክፈተው፤ አንቺም ዘሃራ ተነሽ። ለማን እንደምታመላልሺ ቀበሌ ስትታሰሪ ትናገሪያለሽ።"

"እሷን ተዋት" አሉ እማሆይ። ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "ወተቱ የኔ ነው። የምጠጣው እኔ ነኝ።"

ታጣቂው እጁን ከጎታው ላይ አነሳ።

"እርስዎ?" አለ ጓድ አየነው። "እርስዎ ቆብ የጫኑት? በሕማማት?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ይጠጡታ! እዚሁ ይጠጡትና እንየው።"

ቀጥሎ የሆነውን ያየችው እትዬ ዘሃራ ናት፤ በኋላ ነገረችኝ። ጣሳውን ልትሰጣቸው እጇ አልታዘዝ አላት፤ እማሆይ ናቸው ከእጇ የወሰዱት። ውሃ ሲጠጡ እንኳ የሚያማትቡት ሴትዮ አላማተቡም። ከሰኞ ማታ ጀምሮ ቁራሽም ጠብታም አፋቸው አልገባም ነበር። ጣሳውን አነሱ።

እኔ የሰማሁት ጉሮሯቸውን ነው። ሲውጡ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ቆም አሉ፤ የሚያስመልሳቸው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀጠሉ፤ እስኪጨርሱ ድረስ ቀጠሉ። ምላሴ ላይ ያለው ልጅ ይጠባል።

ከዚያ በቀዳዳው ያየሁትን እኔ ራሴ ልንገራችሁ። በረባሶው በመጀመሪያ ሄደ። "እግዚኦ" የሚል ድምፅ ሰማሁና እግሩ ሮጦ ወጣ፤ ጎታው አላሳሰበው፣ ጠመንጃው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ቆዳ ጫማው ግን ቆሞ ቀረ። በስብሰባ ላይ ጾም የሚያናንቀው ሰው፣ ያ ጫማው ወደ ኋላ አንድ ርምጃ ሄደ። ከዚያም ሌላ።

"መነኩሲት ተብለሽ!" አለ። እርስዎ ማለቱን ተወ። "ቆብ ጭነሽ! አንቺ!"

አንቺ ያላቸው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ እርስዎ አላላቸውም።

ሄዱ። የአጥሩ በር ተላተመ። እትዬ ዘሃራ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ታለቅሳለች። እማሆይ ጣሳውን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ፣

"የልጆቹን ድርሻ ጠጣሁባቸው። ሌላ አለሽ?" አሏት።

ክዳኑን ገፍቼ ብቅ አልኩ። እትዬ ዘሃራ እዚያ መኖሬን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ጩኸቷን በእጇ አፈነችው። እኔ ላመሰግን ይሁን ልቆጣ አላውቅም፣ አፌን ስከፍት እማሆይ ጣታቸውን አነሱብኝ።

"አንተ አብላቸው። ሌላ ነገር አታውራ።"

አበላኋቸው። ጥጡ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የንስሐ አባታቸው አባ ክንፈ መጡ። እኔ ጎታው ውስጥ ነኝ። መጥፎ ሰው አልነበሩም አባ ክንፈ፤ ድምፃቸው የተጎዳ ሰው ድምፅ ነበር።

"እማሆይ፣ የሰማሁት እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ አባቴ።"

"ታመው ነው? ከታመሙ እኮ..."

አባ ክንፈ ማምለጫ በር ከፈቱላቸው ማለት ነው። አዎ አሞኛል ቢሉ ያልቅ ነበር። እኔ ጎታው ውስጥ ሆኜ በይ፣ በይ፣ አሞኛል በይ እላለሁ፤ አክብሮቱ ሁሉ ጠፍቶብኝ።

"አልታመምኩም" አሉ።

"ታዲያ ምን ነካዎት?"

"ጠጣሁ፣ አባቴ። ይኸው ነው።"

"ሰው አስገደድዎት?"

"እጄ የኔ ነው። አፌም የኔ ነው።"

ለካድሬ መዋሸት ለእማሆይ ቀሏቸው ነበር፤ ለንስሐ አባታቸው ግን መዋሸት አልቻሉም። እውነቱንም ቢናገሩ እኒያን ሽማግሌ ከኛ ጋር እሳት ውስጥ ማስገባት ነው። ስለዚህ ከሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ቆሙ።

"ሳምንቱን ያውቁታል" አሉ አባ ክንፈ። "በሕማማት አልፈታዎትም፤ መስቀልም አላሳልምዎት። እስከ ትንሣኤ እንዲሁ ይቆያሉ። ቤተ መቅደስ አይግቡ፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ይቁሙ። ስግደቱን ከነገ ጠዋት ይጀምሩ።" ብዛቱን ነገሯቸው። ለወጣት ጉልበትም ይከብድ ነበር።

"እሺ፣ አባቴ" አሉ እማሆይ።

አባ ክንፈ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ "ምነው ባልሰማሁት" ሲሉ ሰማኋቸው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። እናንተ የምታነቡ፣ መጨረሻው ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። እኔ አልተያዝኩም። እስከ ክረምት ጎታው ውስጥ ቆይቼ ጭጋጉ ሲወርድ በደረስጌ በኩል ዘመድ ዘንድ ሄድኩ። ወንድሜ አልተመለሰም። ከሦስቱ ድመቶች ሁለቱ አደጉ፤ አንዷን እትዬ ዘሃራ ወሰደች። እማሆይ በትንሣኤ ተፈቱ፤ እግዚአብሔር ይቅር ብሏቸዋል። ሰው ግን አልፈታቸውም። የማርያም ማኅበርተኞቻቸው ጽዋውን በደጃቸው አሳለፉት። ልጆች በመንገድ ላይ ወተት ወተት ይሏቸው ነበር። እኔ እንዳልናገር በቆባቸው አስምለውኛል፤ ደርግ ሳይወድቅም አረፉ።

ደርግ ሲወድቅ ደባርቅ ወርጄ በተዝካር ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት ተነስቼ ነገሩን ሁሉ ተናገርኩ። የሚያለቅስም አለ፣ ያላመነኝም አለ። አንዲት ማኅበርተኛቸው፣ "ምናለ ለኛ ቢነግሩን ኖሮ?" አለች። "ለእናንተ ነግረዋችሁ ቢሆን ዛሬ የምነግራችሁ ሰው አልኖርም ነበር" አልኳት። ተቀየመችኝ፤ እስክትሞት አላነጋገረችኝም። ይሁና።

አንተን ምን ለወጠህ ካላችሁኝ፣ አንድ ነገር ነው። ሰው በጾም ሲበላ ባይ አልጠይቅም። ልጆቼ "አባባ፣ እገሌ በአርብ ቀን ሥጋ በላ" ብለው ሲመጡ አባርራቸዋለሁ። ማን ጎታ ውስጥ እንዳለ በምን ታውቃላችሁ? በምንም አታውቁም። እኔ አሁን ሽማግሌ ነኝ፤ ቅዱስ ነገር አየሁ ብዬ አልፎክርም፤ ያየሁት የአንድ ሰውዬ ጫማ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው። ግን ሰው ነፍሱን ለሌላ ሲሰጥ ሞቶ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ስሙን ሰጥቶ ከዚያ በኋላ ዓመታት መኖር እንዳለም እወቁ። ያኛው ይከብዳል ባይ ነኝ።

የቀረኝ የረቡዕ ጠዋት ነው፤ የማግስቱ።

ጎታው ውስጥ ነቃሁ። ልጆቹ ሆዴ ላይ ናቸው። ከወዲያኛው ክፍል የጉልበት ድምፅ ሰማሁ። እማሆይ ሊሰግዱ ወርደው መነሳት አቅቷቸዋል፤ ጉልበታቸው ያበጠ ነው፣ ከድሮም ጀምሮ። ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ደግመው ወረዱ። ሦስተኛው ላይ ግንባራቸው መሬት ላይ እንዳለ ቆዩ።

ሳይጠሩኝ ወጣሁ።

"ግባ! ሰው ቢያይህስ?"

"በሩ ተቀርቅሯል። ይነሱ።"

"ኃጢአቱ የኔ ነው፤ ምን አገባህ?"

"ወተቱ የማን ነበር?"

"የድመት።"

"እንግዲያው ድመቶቹን ይያዙ።"

አንስቼ ግድግዳው ሥር አስቀመጥኳቸው። ሦስቱን ከሸሚዜ አውጥቼ ጭናቸው ላይ አደረግኩ። ይጮኻሉ። እትዬ ዘሃራ በጠዋት በአጥሩ ያቀበለችው ጣሳ አጠገባቸው አለ፤ አሁን መሸፈን እንኳ አላስፈለጋትም፤ እማሆይ እንደሚጠጡት አገሩ ሁሉ አውቋል። እማሆይ ጣሳውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጥጥ ሳቡ፤ አጠነጠኑ፤ ነከሩ።

እኔ ጋቢዬን አደግድጌ ወደ ምሥራቅ ዞርኩና ሰገድኩ። ተነሳሁ። ሰገድኩ። እሳቸው አንዱን በሆዱ አስተኝተው እያጠቡ በከንፈራቸው ይቆጥራሉ።

"ይህን አልቆጥርልህም" አሉኝ መሐል ላይ።

"ምነው?"

"ግንባርህ መሬት አልነካም።"

ደግሜ ሰገድኩ።